የእናትሽ ሬዲዮ ቤት ሊቀይር ነው

ለምወድሽ ልጄ፤

እንዴት ከርመሻል? ባልሽስ ደህና ነው? ትንሿ የልጅ ልጄ ጥርስ አወጣች ወይስ አሁንም በድዷ ነው የምትስቀው? ያ ጉልበትሽን የሚያምሽ ነገር ለቀቀሽ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ወገቤ ድሮም የራሱ ሐሳብ ያለው ወገብ ነው፤ ከእሱ በቀር ሌላው ሰውነቴ ሁሉ ይታዘዘኛል። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እከራከራለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቂልኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ። ፊደሉ አንዱ የቆመ ሌላው የተኛ ቢመስልሽ፣ እጄ ዕድሜውን ሙሉ ከድንጋይና ከሲሚንቶ ጋር የኖረ መሆኑን አስቢና እለፊው። ግንብ ስገነባ አንድም ቀን ጠሞብኝ አያውቅም፤ ወረቀት ላይ ግን ይጠምብኛል። እስከ ዛሬ የላክሁልሽን ሁሉ ባለሱቁ ነበር የሚጽፍልኝ። እኔ «ደህና ነኝ በላት» እለዋለሁ፤ እሱ ገጹን ይሞላዋል። ሲያነብልኝ «ይህን መቼ አልኩ?» ስለው «ደብዳቤ እንዲህ ካልሆነ አያምርም አባባ» ይለኛል። ያ «በናፍቆትሽ እሳት ነድጄ አመድ ሆንኩ» የሚለውን እኔ አላልኩም። እኔ አመድ አልሆንኩም። ወገቤን አመመኝ ነው ያልኩት።

ማን አስተማረህ ትይኝ ይሆናል። ሬዲዮው ነዋ! የእናትሽ ሬዲዮ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ጣቢያው አዲስ ነገር ጀምሯል። አመሻሽ ላይ የንባብ ትምህርት አለ። ትንሽ መጽሐፍ ለየሰፈሩ አድለዋል። ጋዜጠኛዋ «ጣታችሁን የመጀመሪያው ፊደል ላይ አድርጉ» ትላለች፤ እናደርጋለን። «ከእኔ ጋር በሉ» ትላለች፤ እንላለን። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከሳጥን ጋር «ሀ» ስል ሰው እንዳይሰማኝ በሩን ቆልፌ፣ መጋረጃውን ጋርጄ ነበር የምማረው። ለካ ሬዲዮ ያለው ሁሉ በሩን ቆልፎ ኖሯል! ሰፈሩ በዚያ ሰዓት ጭር ይላል፤ ማንም ለማንም አይናገርም። አንድ ቀን ያ ጡረታ የወጣው ሾፌር ጓደኛዬ፣ ባለሱቁ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ፊት ቆሞ «ዱ… ቤ… የ… ለም» ሲል ያዝኩት። «አንተም?» አልኩት። ወደ ኋላ ዞሮ ሲያየኝ «አንተም?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ በራችንን ከፍተን ተማርን።

ከንባቡ ሌላ «የጋራ ጉዳይ» የሚባል ዝግጅት አለ። እሱን ለመስማት በየሰፈሩ የአድማጮች ቡድን ተቋቁሟል። ጋዜጠኛዋ ራሷ እየዞረች ነው ያቋቋመችው። እኛ ጋ መጥታ «ጥርት ብሎ የሚሰማ ሬዲዮ ማን ቤት ነው ያለው?» ስትል ሁሉም ጣቱን ወደ እኔ ቤት ቀሰረ። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስትሰማ ሰፈሩ በመስኮት አብሯት ይሰማ እንደነበር ታስታውሻለሽ። እኔም እሺ አልኩ፤ ግን አስጠንቅቄ ነው። ሬዲዮው እናትሽ ካስቀመጠችበት መደርደሪያ ንቅንቅ አይልም። ከሥሩ ያለው የእጇ ሥራ ዳንቴል አይነሳም። ማዞሪያውን ከእኔ በቀር ማንም አይነካም። «እንዲያው መተንፈስ ይፈቀዳል?» አለ ሾፌሩ። ተፈቀደ።

እያንዳንዱ የየራሱን መቀመጫ ይዞ ይመጣል። ሾፌሩ፣ ሽንኩርት ነጋዴዋ፣ ከውሃ ጉድጓዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ፣ ሌሎችም ጎረቤቶች። ልብስ ሰፊዋን ታውቂያታለሽ፤ አንቺ ስትዳሪ እናትሽ የለበሰችውን ቀሚስ የሰፋችው ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ዝግጅቱ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ጋዜጠኛዋ አንድ ጉዳይ ታነሳለች፤ ከዚያ «አሁን እናንተ ተወያዩ» ትልና ዘፈን ትለቃለች። እኛ ዘፈኑን ዝቅ አድርገን እንነጋገራለን። ዘፈኑ ሲያልቅ ተመልሳ ስለ ጉዳዩ ባለሙያ የሚለውን ታሰማናለች፤ ከዚያ «እናንተስ ምን ወሰናችሁ? ጻፉልን» ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን ደሜ ፈልቶ ነበር። በገዛ ቤቴ ማን ነው ተወያይ ብሎ የሚያዘኝ? እያደር ግን ለመድኩት። ከመልመድም አልፎ፣ ልንገርሽ፣ የዝግጅቱ ቀን ሲሆን ጢሜን መላጨት ጀመርኩ።

አንድ ቀን የተነሳው የመጠጥ ውሃ ነው። ጉድጓድ ካልተከደነ፣ ሁሉም የየራሱን ባልዲ ካስገባበት በሽታ ነው የምትጠጡት ይላል ሬዲዮው። እኔ ሳቅሁ። ይህን ውሃ ዕድሜዬን ሙሉ ጠጥቼዋለሁ፣ ይኸው አለሁ አልኩ። ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ «እርስዎማ ድንጋይ ነዎት፤ ድንጋይን ተቅማጥ አይዘውም። ልጆቹ ግን ድንጋይ አይደሉም» አለችኝ። ቤቱ በሳቅ አለቀ። መልሴን አዘጋጅቼ አፌን ስከፍት ዘፈኑ አለቀና ጋዜጠኛዋ ገባች። መልሴ አፌ ውስጥ ቀረ።

ጉድጓዱን ከደንነው። ዙሪያውን የገነባሁት እኔ ነኝ፤ ክዳኑን አናጢው ሠራ፤ ሾፌሩ ደግሞ ማንም የራሱን ባልዲ እንዳያስገባ አንድ የጋራ ባልዲ በሰንሰለት አሰረበት። በዚህ ክረምት ጤና ጣቢያ ተሸክመን የሮጥነው ሕፃን የለም። ልብስ ሰፊዋ ጉድጓዱን አይታ «ድንጋይም ለካ ይሰማል» ብላኝ አለፈች። መልሱን ሳሰናዳ እሷ ቤቷ ገብታለች።

እንግዲህ በየጊዜው እንዲህ ሆነ። እኔ ቀስ ብዬ ነው የምናገረው፤ ነገር እንደ ግንብ ነው፣ ከመሠረቱ ነው የሚጀመር። እሷ ምላሷ እንደ መቀሷ ነው። እኔ መሠረቱን ስጨርስ ዘፈኑ ያልቃል። ስለዚህ ለጣቢያው ጻፍኩ። በእጄ የጻፍኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ ላንቺ አይደለም፤ ቅር አይበልሽ፣ የእነሱ ፊደል ከዚህም የጠመመ ነበር። «ዘፈኑን አስረዝሙት። ሽማግሌ ሲናገር ይቆያል» ነው ያልኩት፤ ሌላ የለበትም። ልጄ፣ ጋዜጠኛዋ አነበበችው! በአየር ላይ! «ከአንድ ግንበኛ አድማጫችን የደረሰን» ብላ አነበበችውና እሷም ሳቀች፣ ቤቴም ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘፈኑ ረዘመ። በአገሩ ያለ ሽማግሌ ሁሉ ሊያመሰግነኝ ይገባል። ሾፌሩ ግን «በቃ አለቀልን፤ አሁን ማን ያስቆመዋል?» አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዳር ዳር እንዳልል።

አንድ ቀን ጋዜጠኛዋ «ዛሬ ጉዳያችን ብቻቸውን ስለሚኖሩ አዛውንቶች ነው» አለች። ልጆቻቸው ርቀው የሄዱ፣ የትዳር ጓደኛቸው የሞተባቸው፣ እያለች ዘረዘረች። «አሁን እናንተ ተወያዩ» አለችና ዘፈኑ ገባ። ማንም አልተወያየም። ሁሉም ወለሉን ያያል፤ ወለሉን ያላየ እኔን ያያል። ሽንኩርት ነጋዴዋ ጉሮሮዋን ጠረገችና «ለምሳሌ» አለች። ተነስቼ ሬዲዮውን ዘጋሁት።

የባትሪ ድንጋዩ ደክሟል አልኳቸው። ልብስ ሰፊዋ «ድንጋዩስ አልደከመም፤ ይክፈቱት» አለችኝ። በቤቴ ማንም ምሳሌ አያደርገኝም፣ ለምሳሌ የሚሆን ሰው ሌላ ቦታ ፈልጉ አልኩ። እሷ መቀመጫዋን አነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «ሬዲዮው የእርስዎ ነው፤ ጆሮው ግን የእኛ ነው» አለችና ሄደች። ሌሎቹም ተከተሏት።

በሚቀጥለው ዝግጅት ወለሉን ጠርጌ፣ ጢሜን ተላጭቼ፣ በሩን ከፍቼ ጠበቅሁ። ሾፌሩ መቀመጫውን ተሸክሞ በመስኮቴ ሥር አለፈ። አልገባም። ልብስ ሰፊዋ ቤት ነው የሄዱት፤ የሾፌሩን ሬዲዮ ሊሰሙ። ያ ሬዲዮ ዘይት ውስጥ እንደገባ ሽንኩርት ነው የሚንጫጫው፤ ምን ሊሰሙበት እንደሆነ እንጃ። ይሂዱ አልኩ፤ ለብቻዬ ከፈትኩ። የዕለቱ ጉዳይ መንገድ ዳር ስለሚደፈን ቦይ ነበር። ቦይማ የእኔ ሥራ ነው፤ ብዙ የምለው ነበረኝ። «አሁን እናንተ ተወያዩ» አለች። ዘፈኑ ገባ።

እኔ ያስረዘምኩት ዘፈን አላልቅ አለኝ፣ ልጄ። ባዶው አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ዘፈኑ ይሄዳል፣ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ግድግዳው ላይ ላለችው ለእናትሽ ፎቶግራፍ ስለ ቦዩ ነገርኳት። እንደ ድሮዋ ዝም ብላ አየችኝ። ስከራከራት መልስ ሰጥታኝ እንደማታውቅ ታስታውሻለሽ፤ ሬዲዮውን ከፍ ነበር የምታደርገው።

ተነሳሁ። ሬዲዮውን በዳንቴሉ ጠቅልዬ ከመደርደሪያው አወረድኩትና ታቅፌው ወጣሁ። ከጣሪያው የሚወርደውን የአንቴና ሽቦ ረስቼዋለሁ፤ ተበጥሶ ከኋላዬ እየተጎተተ ነው። መንገዱ በሙሉ ያየኛል። ባለሱቁ ሳይቀር ወጥቶ አየኝ። ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ስደርስ ሾፌሩ ሽቦውን አይቶ «አንተ ቱንቢ፣ ምነው በገመድ አስረህ አመጣኸው? ሊያመልጥህ ነበር?» አለ። ቱንቢ ነው የሚሉኝ፤ ግንብ ቀጥ ማለቱ የሚለካበት፣ በክር የሚንጠለጠል ብረት ነው። አልቀየምበትም። ቀጥ ያልኩ መሆኔን ነው የሚናገሩት።

ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ተነሳች። ጨርቅ የምትቆርጥበትን ጠረጴዛ ብድግ ብላ ባዶ አደረገችው። እኔ መጀመሪያ ዳንቴሉን አነጠፍኩ፣ ከዚያ ሬዲዮውን አስቀመጥኩ። ስከፍተው የቦዩ ጉዳይ አልቆ ጋዜጠኛዋ እየተሰናበተች ነው። ሁሉም ሳቀ፤ እኔ ግን አልተቀመጥኩም። ባለፈው ስለተነሳው ጉዳይ የእኔ ሐሳብ አልተሰማም አልኩ። ዘፈን የለም፣ የሚያቋርጠኝ የለም፣ ከመሠረቱ መጀመር እችል ነበር። አልጀመርኩም። ብቻውን የሚኖር ሰው ችግሩ ዝምታው አይደለም፤ የሚከራከረው ሰው ማጣቱ ነው። ይህን ብቻ ብዬ ተቀመጥኩ።

ልብስ ሰፊዋ መርፌ ላይ ክር ልታስገባ ጎንበስ አለች፤ ክሩ እምቢ አላት። እንደገና ሞከረች፤ እምቢ አላት። ያቺ ሴት ክር ሲስታት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቡድኑ እዚያ ነው የሚሰማው። ሬዲዮውን ይዤ እሄዳለሁ፣ ይዤ እመለሳለሁ። አንቴና ስለሚያስፈልገው ጣሪያዋ ላይ እንጨት ተከልኩ። ጣሪያው ላይ ስወጣ ቆርቆሮው ተላቅቋል፤ መታሁት። ስወርድ ግድግዳዋ ዘመም ያለ መሰለኝ፤ ውሃ ልክ ባስቀምጥበት እውነትም ዘሟል። እንዴት ዝም ይባላል? አንዱን ጎን ሳስተካክል ደግሞ የሌላው መጥመም ይታያል። በየቀኑ እሄዳለሁ። ሾፌሩ ቆሞ ያየኝና «የዚህ ግድግዳ ነገር የሚያልቅ አይመስለኝም» ይላል። ሥራ የማያውቅ ሰው እንዲህ ነው።

በሥራው መሃል ከልብስ ሰፊዋ ጋር እንከራከራለን። እሷ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ይሁን ትላለች፤ እኔ ግንበኛው እኔ ነኝ እላለሁ። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ሆነ። ለጣቢያው የሚላከውን መልስም አብረን ነው የምንጽፈው፤ እሷ ትላለች፣ እኔ እጽፋለሁ፤ እኔ ያልተስማማሁበትንም እጽፋለሁ። በቀደም ስለ ቦዩ የላክነው ተነብቦልን ሰፈሩ ወጥቶ ቦዩን ጠረገ። ማዘጋጃ ቤቱም ሰምቶ ኖሮ ሰው ላከ። ሰውዬው ሲደርስ ሥራው አልቋል፤ ቆሞ አመስግኖን ሄደ።

አሁን እንግዲህ ጉዳዬ። ሬዲዮው መመላለሱ ጎድቶታል፤ ሽቦው በተፈታና በታሰረ ቁጥር ድምፁ ይሻክራል። እሷ «ይዘኸው ከምትመላለስ ለምን እዚሁ አያድርም?» አለችኝ። እርስዎ ማለቱን ትታዋለች፤ ግድግዳ ሲሠራ ይህ ሁሉ ክብር አይመችም። እኔም የሚስቴ ዕቃ ነው፣ ልጄን ሳልጠይቅ አላሳድረውም አልኳት። «እንግዲያው ጠይቃት፤ አሁን መጻፍ ትችላለህ» አለችኝ።

ስለዚህ ይኸው እጠይቅሻለሁ። ባለሱቁን ያላስጻፍኩትም ለዚህ ነው፤ እሱ የሚጨምረው ይበዛል። ሬዲዮው የእናትሽ ነው፤ ከእኔ ቀጥሎ ያለሽው አንቺ ነሽ። እዚያ ቤት ቢቀመጥ ቅር ይልሻል? ለአንድ ሰሞን አይደለም፤ ለዘለቄታው ነው። ዳንቴሉ አብሮት ይሄዳል። እናትሽ ትረሳለች ብለሽ እንዳታስቢ። እዚያ ቤት ስሟ ይነሳል፤ ቀሚሱን ስትለካት እናትሽ ምን ብላ እንዳሳቀቻት ልብስ ሰፊዋ ነግራኛለች፤ እኔ ሰምቼው የማላውቀው ነው፤ ስትመጪ እሷው ትንገርሽ። የእናትሽን ፎቶግራፍ ግድግዳው ሲደርቅ የት እንደሚሰቀል አሳይታኛለች። እኔ አልጠየቅኋትም።

ቤታችን እንዳለ ነው። አልተሸጠም፣ አልተከራየም። አመሻሽ ላይ ማንበብ የሚማሩት እዚያ እየተቀመጡ ነው፤ ሾፌሩ የራሱን ሬዲዮ አሠርቶ አምጥቶላቸዋል፤ መንጫጫቱን አቁሟል። በሩን መቆለፍ ቀርቷል። በበዓልም በዕረፍትም ስትመጪ መጀመሪያ እዚያ ሄደሽ አልጋዬን አጥተሽ እንዳትደነግጪ። ከጉድጓዱ ማዶ፣ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ወደሆነው ቤት ነይ። ሬዲዮው ስለሚሰማ አይጠፋሽም።

አጠገቤ ያለች ሰው ሰላም በልልኝ ብላለች። የትንሿን ቁመትና የደረቷን ስፋት በክር ለክተሽ ክሩን በፖስታ እንድትልኪላት ትፈልጋለች። ቀሚስ ትሰፋላታለች። እኔ ልጅ ቶሎ ነው የሚያድገው፣ እስኪደርስ ያጥራታል ብያለሁ። እሷ አስረዝሜ አጥፈዋለሁ ብላለች። ተከራክረናል።

ፈጣሪ አንቺን ከነባልሽ ይጠብቅልኝ። ትንሿ አድጋ ይህን ወረቀት ራሷ አንብባ ትሳቅበት። ዳቦሽ አይጉደል፣ በርሽ ደግ ሰው አይጣ። ናፍቀሽኛል። ይህን ባለሱቁ አልጨመረውም።

መልስሽን ቶሎ ጻፊልኝ፤ ራሴ አነበዋለሁ። ሬዲዮው ይመለስ ካልሽ ቃሌ ነው፣ ታቅፌ መደርደሪያው ላይ እመልሰዋለሁ። የምመልሰው ግን ሬዲዮውን ብቻ ነው።

አባትሽ